ሌላ ዝርያ ነው ወይስ ልጁ? ሐሰተኛ ጊንጦችን መለየት ሲያስቸግር

ሐሰተኛ ጊንጥ የሸረሪትና የጊንጥ ዘመድ ነው። ርዝመቱ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ሲሆን የጊንጥ መቆንጠጫ አለው፤ ጭራና መውጊያ ግን የለውም። ባሕር ዳር ማይክሮስኮፕ ፊት ስቀመጥ ከዋሻ፣ ከድንጋይ ስንጥቅና ከዘጌ የቡና ጥላ ሥር ከረገፈ ቅጠል የተለቀሙትን አያለሁ። ሰው የሚሳሳተው ደግሞ ሁሌም ከዚህ በታች ባሉት ነጥቦች ላይ ነው።

ችግር፦ ከአንድ ዋሻ የመጡት ትልቅና ትንሽ ናቸው፤ ትንሹ ሌላ ዝርያ ይመስላል።

ምክንያት፦ አብዛኛውን ጊዜ ልጅ ነው። ሐሰተኛ ጊንጥ ለአቅመ አዳም እስኪደርስ ቆዳውን እየገፈፈ ሦስት የኒምፍ (ያላደገ ልጅ) ደረጃዎችን ያልፋል፤ በየደረጃው የመቆንጠጫው ቅርጽና መጠን ይለወጣል።

መፍትሄ፦ ከመለካትህ በፊት ዕድሜውን እወቅ። መቆንጠጫው ላይ ትሪኮቦትሪያ የሚባሉ ረጃጅምና ስስ ፀጉሮች አሉ። ተራው ፀጉር ከቆዳው ላይ ዝም ብሎ ይበቅላል፤ እነዚህ ግን እያንዳንዳቸው ከትንሽ ስኒ መሳይ ጉድጓድ ይወጣሉ። በአብዛኞቹ ቤተሰቦች (ቤተሰብ ማለት የሚዛመዱ ዝርያዎች ስብስብ ነው) ከመቆንጠጫው ሁለት ጣቶች በማይንቀሳቀሰው በኩል በመጀመሪያው ደረጃ 3፣ በሁለተኛው 6፣ በሦስተኛው 7፣ ሲያድግ 8 ይሆናሉ። በሚንቀሳቀሰው ጣት ላይ ደግሞ 1፣ 2፣ 3፣ 4። ፀጉሩ በወረንጦ ሲነካ ይረግፋልና ፀጉሩን ሳይሆን ስኒውን ቁጠር።

አንዲት ተማሪ «አዲስ ዝርያ ሳላገኝ አልቀርም» ብላ እየተጣደፈች መጣች። ቆጠርን፤ 7 እና 3። «እህቴ፣ ይሄ ገና ጎረምሳ ነው» አልኳት። አኮረፈች። ለብቻዋ ሁለት ጊዜ ደግማ ከቆጠረች በኋላ ነው የሳቀችው።

ችግር፦ ከዋሻ የመጡት ሁሉም ነጣ ያሉ፣ ዓይን የሌላቸው፣ እግረ ረጃጅም ናቸው፤ ስለዚህ አንድ ዝርያ ናቸው ተባለ።

ምክንያት፦ ጨለማው ነው ያመሳሰላቸው። በዋሻ ውስጥ ብዙ ትውልድ የኖሩ፣ ዝምድናቸው የራቀ ፍጥረታት ቀለምና ዓይን እያጡ ወደ አንድ መልክ ይመጣሉ። በዚያ ላይ ቆዳውን ትናንት የገፈፈ የሜዳ ሐሰተኛ ጊንጥም ነጭ ነው።

መፍትሄ፦ ቀለሙን እርሳውና የእግሩን ጫፍ እይ። የክቶኒዳይ ቤተሰብ የፊት ሁለት ጥንድ እግሮች ጫፋቸው አንድ ክፍል፣ የኋላዎቹ ሁለት ክፍል ነው። በኒዮቢሲዳይ ሁሉም ሁለት ሁለት ናቸው። ቤተሰቡን ሳይለዩ ዝርያ ማለት ዘበት ነው። ከዚያ ወዲያ ፀጉሮቹ የተሰለፉበትን ቦታና የጣቶቹን ጥርስ ታወዳድራለህ። ባሌ ያለው ሶፍ ዑመር የወይብ ወንዝ የቦረቦረው የኖራ ድንጋይ ነው፤ የጣና ዙሪያ ደግሞ እሳተ ገሞራ የተፋው ጥቁር ድንጋይ። እንዲህ እርስ በርስ ከማይገናኙ ዋሻዎች የመጡት በዓይን አንድ ሆነው በዲኤንኤ ሊለያዩ ይችላሉ። ለዚህ የሚነበበው የተለመደው የዘረመል ቁራጭ 658 ፊደል ያህል አለው።

ችግር፦ አንዱን መቆንጠጫ ዛሬና ነገ ስትለካው ስፋቱ ይለያያል።

ምክንያት፦ ከላይ ያለው ስስ መስታወት ጨፍልቆታል። ርዝመትን ለስፋት አካፍለህ ዝርያ የምትለይ ከሆነ ይህ ትልቅ ጥፋት ነው።

መፍትሄ፦ ከመስታወቱ ሥር በሁለት በኩል የናይለን ክር ቁራጭ አስገባ፤ ክሩ ከእንስሳው ትንሽ ወፈር ይበል። እኔ የምጠቀመው የጣና ዓሣ አጥማጆች የሚሸምቱትን ነው። እንስሳው ጠቁሮ ውስጡ ካልታየህም ላክቲክ አሲድ ውስጥ አሳድረው፤ ይጠራል።

ችግር፦ ናሙናው ተበላሽቷል፣ ወይም ጽሑፉ ጠፍቷል።

ምክንያት፦ አረቄ ውስጥ ተቀምጧል። ዳግም አረቄ እንኳን ቢሆን አልኮሉ አይበቃም። የእስክሪብቶ ቀለም ደግሞ አልኮል ውስጥ ይሟሟል።

መፍትሄ፦ ቅርጹን ለማየት ከ70 እስከ 80 በመቶ ኢታኖል፣ ለዲኤንኤ 95 በመቶና ከዚያ በላይ። ክዳኑን በየጊዜው ፈትሽ፤ በባሕር ዳር ሙቀት ቶሎ ይተንናል። ቦታውን፣ ቀኑንና ከዋሻው አፍ ስንት ሜትር ገብተህ እንደለቀምከው በእርሳስ ጽፈህ ወረቀቱን ጠርሙሱ ውስጥ ክተተው። ከውጭ መለጠፍ አይበቃም፤ ይላቀቃል።