ድምፁ እየተሰማ ምስሉ የጠፋው ቴሌቪዥን
ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ባለው ቤታችን የሚገኘው ባለ 55 ኢንች ኤልሲዲ ቴሌቪዥን አንድ ምሽት ድምፁ እየተሰማ ምስሉ ጠፋ። ስክሪኑ ስለሞተ አዲስ መግዛት እንደሚሻል ቢነገረኝም፣ የቤቱን መብራት አጥፍቼ የስልኬን ባትሪ ወደ ስክሪኑ በጣም አስጠግቼ ሳበራ፣ የዜና አንባቢዋ ፊት ደብዝዞ ታየኝ። የኤልሲዲ ፓነል የራሱ ብርሃን ስለሌለውና ምስሉን የሚያሳየን ከኋላው የተደረደሩት የኤልኢዲ አምፖሎች ስለሆኑ፣ ፓነሉ ደህና መሆኑን በዚህ አረጋገጥሁ። ባለሙያው ሲከፍተው ከአምፖሎቹ አንዷ ጠቁራ ተገኘች፤ በተከታታይ የተያያዙ በመሆናቸው የእርሷ መቃጠል ሌሎቹንም አጥፍቷቸዋል። ሌሎቹም እኩል ስላረጁ ሁሉንም ማስቀየሩን መረጥሁ፤ በእኔ እምነት አንዷን ብቻ መቀየር ለሁለተኛ ወጪ ይዳርጋል። ቴሌቪዥኑ ከሶኬት ተነቅሎም ውስጡ አደገኛ ኤሌክትሪክ ሊቀር ስለሚችል፣ እባካችሁ ራሳችሁ አትክፈቱት። አሁን ሙቀቱ አምፖሎቹን ቶሎ እንዳይጎዳ የኋላ ብርሃኑን መጠን ከ100 ወደ 60 ዝቅ አድርጌ እንጠቀማለን።