ሰባት ጊዜ ስምንት፣ ጣት ሳይቆጠር

የልጃችሁን ደብተር ገልብጡት። ብዙ ደብተር ጀርባው ላይ የማባዣ ሰንጠረዥ አለው። ልጁም «ሰባት አንድ ሰባት፣ ሰባት ሁለት አሥራ አራት» እያለ በዜማ ይወርደው ይሆናል። መሐል ላይ አቋርጣችሁ «ሰባት ጊዜ ስምንትስ?» በሉት። ዓይኑ ወደ ጣሪያ ከሄደ፣ ጣቶቹም ከጠረጴዛ ሥር ከተንቀሳቀሱ፣ የያዘው ዜማውን ነው።

እኔ ቤት ለቤት የማስጠና ሰው ነኝ። አራት ኪሎ፣ ፒያሳ፣ ካዛንቺስ፣ ሜክሲኮ እዞራለሁ። የወላጅ ሁሉ ጥያቄ አንድ ነው፤ «ሸምድዶታል፣ ፈተና ላይ ግን ይጠፋዋል።» የሚጠፋው በተራ ብቻ ስላጠናው ነው። ፈተና ደግሞ በተራ አይጠይቅም።

መጀመሪያ ያልያዘውን ለዩ። ወረቀት በትንንሹ ቁረጡ፤ በአንዱ ፊት ጥያቄ፣ በጀርባው መልስ ጻፉ። አደባልቃችሁ ጠይቁት። በልባችሁ እስከ 3 ቁጠሩ። እስከዚያ ከመለሰ ወረቀቱ አንድ ፖስታ ውስጥ፣ ካልመለሰ ሌላ ፖስታ ውስጥ ይግባ። ስልክ አውጥታችሁ ሰዓት አትያዙበት፤ ሰዓት ሲያዝበት የሚያውቀውም የሚጠፋው ልጅ ብዙ ነው። ታላቅ እህቱም አጠገቡ አትቀመጥ። ቀድማው ትመልሳለች፣ እሱም መሞከሩን ይተወዋል።

ከማባዛት በፊት መደመሩን እዩ። አራተኛ ክፍል ደርሶ 8 ሲደመር 5 ላይ ጣት የሚቆጥር ልጅ ጥቂት አይደለም። 10 ቆርኪ ፈልጉ፤ ሰፈር ያለ ግሮሰሪ በነፃ ይሰጣችኋል። ጥቂቱን በሲኒ ክደኑና «ስንት ተደበቀ?» በሉት። 6 ከታየ 4፣ 7 ከታየ 3። ይሄ ሳያስብ እስኪመጣለት ድረስ አትለፉት። ከዚያ 8 ሲደመር 5 ሲባል ከ5ቱ 2 ወስዶ 8ቱን 10 ይሞላል፣ የተረፈውን 3 ይጨምራል። 13 ሲቀነስ 8 ሲባልም «8 ላይ ስንት ብጨምር 13 ይሆናል?» ብሎ ቢያስብ ይቀለዋል።

አሁን ወደ ሰንጠረዡ። ከ1 እስከ 10 ያለው 100 ሳጥን ስለሆነ ያስፈራል። ከልጁ ጋር ሆናችሁ በእርሳስ ሰርዙት። የ1 እና የ10 ይውጣ። የ2 ቁጥሩን ማጠፍ ብቻ ነው፣ ይውጣ። የ5ን ከግድግዳ ሰዓት ያንብበው፤ ረጅሙ ዘንግ 7 ላይ ሲደርስ 35 ደቂቃ ነው። የ9 ብልሃት አለው፤ 9 ጊዜ 7 ሲባል ከ7 አንድ ቀንሱ፣ 6። 6 ላይ 9 ለመሙላት 3። መልሱ 63። ቀጥሎ 3 ጊዜ 8 እና 8 ጊዜ 3 አንድ ስለሆኑ አንዱን ሰርዙ። ይህን ግን በወሬ ብቻ አትንገሩት። 30 እንቁላል የሚይዘውን ካርቶን አሳዩት፤ በአንድ በኩል 5 ረድፍ ባለ 6፣ ሲያዞሩት 6 ረድፍ ባለ 5። እንቁላሉ አልጨመረም፣ አልቀነሰም። ባለ 24 የለስላሳ ሳጥንም 4 በ6 ነው።

የቀረው 15 ብቻ ነው። የ4 ደግሞ የ2 እጥፍ ነው፤ 7 ጊዜ 2፣ 14፤ 14 ሲታጠፍ 28። እሱም ሲወጣ 10 ይቀራል፦ 3×3፣ 3×6፣ 3×7፣ 3×8፣ 6×6፣ 6×7፣ 6×8፣ 7×7፣ 7×8፣ 8×8። ልጆች እዚህ ሲደርሱ «ይኸው ነው እንዴ?» ይላሉ። አዎ፣ ይኸው ነው። ለ7×8 ደግሞ 5፣ 6፣ 7፣ 8 ብሎ በቅደም ተከተል ይጻፍና መሐሉ ላይ የእኩል ምልክት ያስገባ፤ 56 = 7×8።

አሥሩን ባንድ ቀን አትጫኑበት። ሁለት ምረጡና ከሚያውቃቸው ጋር ቀላቅሉ። ሲሳሳት «ይሄ እንዴት ይጠፋሃል?» አይባልም። መልሱን ወዲያው ንገሩት፣ «ስድስት ጊዜ ስምንት አርባ ስምንት» ብሎ ሙሉውን ይድገም፣ ሁለት ሌላ ጥያቄ ጠይቃችሁ ተመለሱበት። ማታ ከእራት በኋላ አንዴ፣ በማግሥቱ አንዴ፣ ከዚያ በሦስተኛው ቀን፣ ከዚያ በሳምንቱ። ሊረሳው ሲል ተጠይቆ ያስታወሰው ነው የሚቀርለት። አንድ ሰዓት ሙሉ ማስቀመጥ ልጁንም እናንተንም ማሰልቸት ነው። ጠረጴዛም አያስፈልግም። የአራት ኪሎ የታክሲ ሰልፍ ላይ ከሦስት አራት ጥያቄ በላይ ጊዜ አለ። ታክሲ ውስጥ ስትገቡም «ታሪፉ ይሄ ነው፣ አራት ነን፣ ስንት እንክፈል?» በሉት። ወያላውን መቅደም የማይፈልግ ልጅ አላጋጠመኝም።

ማካፈልን ለብቻው አታስጠኑ። ወረቀት በሦስት ማዕዘን ቆርጣችሁ በየጫፉ 7፣ 8 እና 56 ጻፉ። አንዱን በአውራ ጣት ሸፍኑና የተሸፈነውን ይንገራችሁ። 56 ሲሸፈን ማባዛት ነው፣ 7 ወይም 8 ሲሸፈን ማካፈል።

ትምህርት ቤቱ ሒሳብን በእንግሊዝኛ የሚያስተምር ከሆነ ጥያቄና መልሱን በእንግሊዝኛ አለማምዱት፤ ማብራሪያውን በአማርኛ። የስልክ ጨዋታዎች ላይ አልጨክንም፤ ግን ከአራት ምርጫ አንዱን የሚያስነካውን ተዉትና መልሱን ራሱ የሚጽፍበትን ምረጡ።

ክረምት ላይ ደብተር ሲዘጋ ፖስታዎቹን አትጣሉ። በሳምንት አንድ ቀን ከሚያውቀው ፖስታ ጥቂት አውጥታችሁ ጠይቁት። የዘነጋው ካለ ወደ ሌላኛው ፖስታ ይመለሳል፤ መስከረም ሳይጠባ ደግሞ ይደርስበታል።