አዮዲን ከሌለ ቀይ ሽንኩርት አለ

ለገጣፎም ሆነ ሰበታ፣ የትምህርት ቤታችሁ ቤተ ሙከራ ሴልን በማይክሮስኮፕ ለማየት የሚያቀልመው አዮዲን ካለቀበት ከጉሊት አንድ ራስ ቀይ ሽንኩርት ይበቃችኋል። ደረቁን ልጣጭ አንሱና ከሥሩ ካለው ወፍራም ቅጠል ውጫዊ ገጽ ሐምራዊውን ስስ ሽፋን 5 ሚሊ ሜትር ያህል ላጡ። ነጩ የውስጥ ሽፋን ያለ ቀለም ብዙም አይታይም።

በመስታወት ስላይድ ላይ ባለ አንድ ጠብታ ውሃ ላይ ዘርጉት፤ መሸፈኛ መስታወቱን አጋድማችሁ ቀስ ብላችሁ አውርዱ። በአንዴ ከጣላችሁት አየር ይገባል። ጠርዙ የጠቆረው ክብ ነገር አረፋ እንጂ የሴሉ መቆጣጠሪያ የሆነው ኒውክለስ አይደለም (ስንቱ ስሎታል!)።

በ4 እጥፍ ሌንስ ጀምሩ፣ ከዚያ 10። ሐምራዊው ቀለም ያለው ቫኪዩሉ (በሴሉ ውስጥ ያለው የፈሳሽ ከረጢት) ውስጥ ነው። አሁን በአንድ የቡና ሲኒ ውሃ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጡ፤ አንድ ጠብታ በመስታወቱ ጠርዝ ጨምሩና በተቃራኒው ጠርዝ በሶፍት ምጠጡ። ውሃው በኦስሞሲስ (በስስ ሽፋን አልፎ ጨው ወደ በዛበት በመሄድ) ከሴሉ ስለሚወጣ፣ በጥቂት ደቂቃ ሐምራዊው ክፍል ተኮማትሮ ከሴል ግድግዳው ሲላቀቅ ታያላችሁ።