ስለ አየር ንብረት ለውጥ ከቤተሰብና ከወዳጅ ጋር ሲነጋገሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የመጀመሪያውና የከፋው ስህተት ለመርታት መነጋገር ነው። አጎት በብርድ ጠዋት እጆቻቸውን እያፋተጉ «ዓለም ሞቀች ትላላችሁ፤ ታዲያ እኔን ምን ያንቀጠቅጠኛል?» ሲሉ፣ የእህታቸው ልጅ ስልኩን አውጥቶ ግራፍ ቢደቅንባቸው፣ ከመስመሩ ይልቅ የሚታያቸው በሰው ፊት መታረማቸው ስለሆነ፣ ከዚያ ወዲያ የሚሟገቱት ለክብራቸው ነው። «አጎቴ፣ በልጅነትዎ ዝናቡ የሚገባው መቼ ነበር? አሁንስ?» ብሎ መጠየቅ ግን በዓይናቸው ያዩትን እንዲያወጉ ይጋብዛቸዋል።

ሁለተኛውን የምንሠራው ለውጡን የምንቀበል ሰዎች ነን። የአንድ ቀን ሙቀት የአየር ሁኔታ ሲሆን፣ የአየር ንብረት የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ በ30 ዓመት አማካይ የሚለካው ነው፤ የትናንቱን ሐሩር ማስረጃ ያደረገ ሰው የዛሬውን ብርድ ለተከራካሪው አቀብሏል ማለት ነው። ከዚህ የሚሻለው መንስኤውን በቀላሉ ማስረዳት ነው፦ ከኢንዱስትሪ አብዮት በፊት ከአንድ ሚሊዮን የአየር ሞለኪውሎች መካከል 280 ያህሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነበሩ፤ ዛሬ በዋነኛነት ከሰል፣ ነዳጅ ዘይትና የተፈጥሮ ጋዝ በማቃጠላችን ከ420 በላይ ሆነዋል፤ ይህ ጋዝ ደግሞ ከምድር የሚወጣውን ሙቀት አፍኖ ያስቀራል።

የኦዞንን ጉዳይ እዚህ ማስገባትም የተለመደ ስህተት ነው። ከፀሐይ ጎጂ ጨረር የሚከላከለንን የኦዞን ንጣፍ ያሳሱት በማቀዝቀዣና በሚረጩ ምርቶች ውስጥ የነበሩ ኬሚካሎች ሲሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ1987 የተፈረመው የሞንትሪያል ፕሮቶኮል አጠቃቀማቸውን እንዲቀንስ ስላደረገ ንጣፉ እያገገመ ነው። ሁለቱን ሲደባልቁ የሰማ ሰው ቀሪውን ንግግርዎንም ይጠራጠራል፤ እውነቱን ለመናገር አይፈረድበትም።

«አበቃልን» ማለትም አይጠቅምም። እ.ኤ.አ. በ2015 የተደረሰበት የፓሪስ ስምምነት የሚጠቅሰው፣ ከኢንዱስትሪ አብዮት በፊት ከነበረው አንጻር የሚለካው የ1.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀት ጭማሪ፣ ሲታለፍ ሁሉም ነገር በአንዴ የሚወድቅበት ገደል አይደለም፤ እያንዳንዱ የዲግሪ አንድ አሥረኛ ጉዳቱን ስለሚያከብደው፣ ከዚያ በኋላም የሚደረገው ጥረት ዋጋ አለው። ወዳጅን በመኪናውና በሚበላው መውቀስ ደግሞ ወሬውን ወዲያው ይዘጋዋል።

በመጨረሻም፣ አጎት «እንግዲህ የዝናቡ ነገር እንኳ ተለውጧል» ካሉ፣ «ታዲያ አመኑ?» ብሎ ማፋጠጥ ተገቢ አይደለም። ወሬውን ወደ ሌላ ጉዳይ ያዙሩት፤ ምናልባት በሌላ ቀን ራሳቸው ያነሡታል።