በደመራ ምሽት ያለ ትራይፖድ ጥርት ያለ ፎቶ እንዴት ይነሳል?

መስከረም 16 ማታ መስቀል አደባባይ ላይ ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር የካሜራ መቆሚያ) መዘርጋት አይታሰብም። ሰው በሰው ላይ ነው። ደግሞ የዚያ ምሽት ትልቁ ፎቶ፣ ለእኔ፣ ከእሳቱ ይልቅ ጧፍ የያዘ ሰው ፊት ነው። ይህን በእጅ ይዞ ማንሳት ይቻላል።

መጀመሪያ የሹተሩን ፍጥነት፣ ማለትም ካሜራው ለብርሃን ተከፍቶ የሚቆይበትን ጊዜ፣ ይወስኑ። የቆየው ደንብ ከሌንሱ ቁጥር አትውረድ ይላል። በ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ቢያንስ 1/50 ሰከንድ ማለት ነው። የካሜራዎ ሴንሰር (ብርሃን የሚቀበለው ክፍል) አነስተኛ ከሆነ 1/80 ያድርጉት። ማረጋጊያ ያለው ሌንስ ከዚህም ዝቅ ያስብላል። ነገር ግን የሚያረጋጋው የእርስዎን እጅ ነው፤ እያሸበሸበ ያለውን መዘምር አይደለም። ሰው ሲንቀሳቀስ ከ1/125 አይውረዱ።

ቀጥሎ አፐርቸሩን፣ ማለትም ብርሃን የሚገባበትን የሌንሱን ቀዳዳ፣ እስከ መጨረሻው ይክፈቱ፤ የኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል። ኤፍ 1.8 የሚከፈት ሌንስ በኤፍ 5.6 ከሚገባው ብርሃን ከስምንት እጥፍ በላይ ያስገባል። ፎከስ የሚሆነው ቦታ ግን ስስ ነውና ወደ እርስዎ በቀረበው ዓይን ላይ ያድርጉት።

የቀረውን ለአይኤስኦ (ካሜራው ብርሃንን ለሚያጎላበት መጠን) ይተዉ። 3200፣ 6400 ቢደርስ አይፍሩ። ፎቶው ትንሽ ቢሻክር ማንም አይቀየምም፤ የተንቀጠቀጠ ፊትን መልሶ ማጥራት ግን ከባድ ነው።

አሁን ሰውነትዎ። የግራ መዳፍዎ ሌንሱን ከሥር ይደግፍ። ክርኖችዎን ከጎንዎ ያጣብቁ፣ አንድ እግር ወደፊት ያድርጉ። ምሰሶ ወይም ግንብ ካገኙ ይደገፉ። ትንፋሽ አውጥተው ሳይስቡ በፊት ቁልፉን በቀስታ ይጫኑ። ካሜራው አራት አምስት ፎቶ በተከታታይ እንዲያነሳ ያድርጉ። የመጀመሪያው ፎቶ ጣት ሲጫን ይነቃነቃል፤ ጥርት ያለው ብዙ ጊዜ ከመሃል ይገኛል።

ፍላሽ ያጥፉ፤ የጧፉን ብርሃን ይገድለዋል። ካሜራው በጨለማ የተከበበ ጧፍ ሲያይ ምሽቱን ቀን ሊያደርገው ይሞክራል። በአውቶማቲክ የሚያነሱ ከሆነ ብርሃኑን በአንድ ደረጃ ይቀንሱት። ነበልባሉ ቀለሙን ይይዛል፣ ሹተሩም ይፈጥናል።

በስልክ ከሆነ ሌንሱን በንጹህ ጨርቅ ይጥረጉ፤ የጣት ቅባት ጧፉን ጭጋግ ያለብሰዋል። ዙም አያድርጉ፣ ጠጋ ይበሉ። የማታ ሞድ ብዙ ፎቶዎችን ስለሚያዋህድ ለሕንፃና ለቆመ ነገር ጥሩ ነው። ለሚንቀሳቀስ ሰው ያጥፉት፤ ፊቱን ነክተው ፎከስ ያድርጉ፣ ብርሃኑን ዝቅ ያድርጉ።

ከቦታው ሳይነሱ ፎቶውን አጉልተው ይዩ። ከኋላ ያሉት መብራቶች መስመር ከሠሩ የተንቀሳቀሰው እጅዎ ነው። መብራቶቹ ጥርት ብለው ሰውየው ብቻ ከተበተነ ሹተሩ ዘግይቷል፤ ወደ 1/200 ያሳድጉት። ዓይኑ ደብዝዞ ነጠላው ጥርት ካለ ግን ፎከሱ ስቷል፤ እንደገና ያንሱ።