ኮሪያኛ ላይ «አለ» እና «የለም» ሲያምታቱ፦ ችግርና መፍትሄ

ኮሪያኛ ስትጀምሩ ቶሎ ከምታገኟቸው ቃላት ሁለቱ «ኢሰዮ» እና «ኧፕሰዮ» ናቸው። አለ እና የለም። ድራማ የምታዩ ከሆነ ጆሯችሁ ቀድሞ ያውቃቸዋል። ለኛ ይሄ ክፍል ከባድ መሆን አልነበረበትም፣ ምክንያቱም እኛም «ውሃ አለ» እና «ውሃ አለኝ» የምንለው በአንድ ግስ ነው፣ ኮሪያኛም እንደዚያው። አብዛኛው ስህተት የሚመጣው ትምህርቱን በእንግሊዝኛ በኩል ስለምንወስደው ነው። እዚህ ኮሪያኛውን በኛ ፊደል ጽፌዋለሁ፤ እናንተ ግን ሃንጉሉን፣ ማለትም የኮሪያኛን ፊደል፣ ተማሩ፣ አትዝለሉት።

ችግር፦ «ስልኬ ጠረጴዛው ላይ ነው» ስትሉ ዓረፍተ ነገሩ ይበላሻል

ይሄኛው ስህተት ከእንግሊዝኛ አይደለም፣ ከራሳችን አማርኛ ነው። እኛ ቦታ ስንናገር «ነው» እንላለን። እቤት ነኝ፣ መጽሐፉ ቦርሳው ውስጥ ነው። ስለዚህ የ«ነው»ን ኮሪያኛ፣ «ኢኤዮ» ወይም «ዬዮ»ን፣ መጨረሻ ላይ እንለጥፋለን። ኮሪያኛ ላይ ግን ይሄ ቃል ዋና ሥራው አንድ ነገር ምን እንደሆነ መናገር ነው፦ ተማሪ ነኝ፣ ይሄ ቡና ነው። የት እንዳለ ለመናገር «ኢሰዮ» ያስፈልጋችኋል።

መፍትሄው ቀላል ነው። መጀመሪያ አማርኛውን በሆዳችሁ «ስልኬ ጠረጴዛ ላይ አለ» አድርጉት፣ ከዚያ ቃል በቃል ሂዱ፦ «ሄንድፖኒ ቼክሳንግ ዊኤ ኢሰዮ»። ቼክሳንግ ጠረጴዛ ነው፣ ዊ ላይ፣ ኤ የቦታ ምልክት፣ ኢሰዮ አለ። ቅደም ተከተሉ ከኛው ጋር አንድ ነው! እንግሊዝኛ ተናጋሪ እዚህ ጋ ዓረፍተ ነገሩን መገልበጥ አለበት፣ እናንተ የለባችሁም።

ኮሪያዊ ጓደኛችሁን በስልክ «የት ነህ?» ስትሉት «ጂቢኤዮ» ብሎ ቢመልስ አትደናገጡ። «ቤት ነኝ» ማለቱ ነው፣ የተለመደ አጭር መልስ ነው። «መጸዳጃ ቤት የት ነው?» ሲባልም «ህዋጃንግሺሪ ኧዲዬዮ» ይባላል። ጀማሪ ሳላችሁ ግን ቦታ ስትናገሩ «ኢሰዮ»ን ያዙ፣ አያሳስታችሁም።

ችግር፦ «መኪና አለኝ» ለማለት «ቻርል ኢሰዮ» ትላላችሁ

«ርል» የተሳቢ ምልክት ነው፣ እንደኛው «ን»። እንግሊዝኛው ግስ ተሳቢ ስለሚፈልግ እጃችሁ ወደዚያ ይሄዳል። «መኪናን አለኝ» ትላላችሁ እንዴ? አትሉም። መኪናው የ«አለ» ባለቤት ነው፣ ኮሪያኛም ላይ እንደዚያው ነው፦ «ጀንን ቻጋ ኢሰዮ»። የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ምልክት፣ ስሙ በአናባቢ ካለቀ «ጋ»፣ በተነባቢ ካለቀ «ኢ» ነው። ማንኛው እንደሆነ ከጠፋባችሁ ጭራሽ ተዉት፤ «ሺጋን ኢሰዮ?» (ጊዜ አለህ?) በንግግር የሰርክ ነው። ከተሳሳተ ምልክት ምንም አለማድረግ ይሻላል። ደግሞ አለኝ፣ አለህ፣ አላት፣ አለን ብሎ መቀያየር የለም። ሁሉም «ኢሰዮ» ነው።

ችግር፦ «የለም» ለማለት «አን ኢሰዮ»

ሌሎች ግሶች «አን» ከፊት ሲገባ አሉታዊ ይሆናሉ፦ ካዮ ይሄዳል፣ አን ካዮ አይሄድም። እዚህ ግን አይሠራም። እኛም «አይአለም» አንልም፣ «የለም» የሚል የራሱ ቃል አለን። «ኧፕሰዮ» በሉ። «ዶኒ ኧፕሰዮ»፣ ገንዘብ የለኝም።

ጆሮም ላይ ወጥመድ አለ። «ካባንግ አኔ ኢሰዮ» ሲባል «አን» ሰምታችሁ ቦርሳው ውስጥ የለም ያሉ ይመስላችኋል። ይሄኛው «አን» ውስጥ ማለት ነው። ቦርሳው ውስጥ አለ ነው ያሉት።

ችግር፦ ትልቅ ሰው ላይ የቱን ልጠቀም?

እኔ በጣም የምወደው ክፍል ይሄ ነው፣ ምክንያቱም አማርኛ ለዚህ የተሠራ ይመስላል። ለተከበረ ሰው ሁለት ቃል አለ፣ «ጌሴዮ» እና «ኢስሴዮ»፣ ተማሪዎችም ሁሉንም «ጌሴዮ» ያደርጉታል። ምክንያቱ አክብሮት ሲባል አንድ ቃል ብቻ ስለሚያዝ ነው። «አያቴ ቤት አሉ» እና «አያቴ ስልክ አላቸው» በሉና ልዩነቱን ስሙት። ሰውየው ራሱ ካለ፣ ማለትም «አሉ» ከሆነ፣ ጌሴዮ፦ «ሃልመኒጋ ጂቤ ጌሴዮ»። ዕቃ ወይም ጊዜ ካለው፣ ማለትም «አላቸው» ከሆነ፣ ኢስሴዮ፦ «ሃልመኒንን ሄንድፖኒ ኢስሴዮ»። አሉታዊውም ይከተላል። «የሉም» አን ጌሴዮ ነው (እዚህ «አን» ይገባል)፣ «የላቸውም» ደግሞ ኧፕስሴዮ። ስልኩን አንቱ አትበሉት፣ ባለቤቱን አክብሩ።

ችግር፦ «ኤ» እና «ኤሰ» ይቀላቀላሉ

መኖር ብቻ ከሆነ «ኤ»፣ ሥራ ካለበት «ኤሰ»። ቤት አለሁ «ጂቤ ኢሰዮ»፣ ቤት አጠናለሁ «ጂቤሰ ጎንግቡሄዮ»። ስብሰባና ፈተና የመሳሰለ ዝግጅት ግን ይካሄዳል እንጂ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ስለዚህ የሚካሄድበት ቦታ ከ«ኢሰዮ» ጋርም ቢሆን «ኤሰ»ን ይወስዳል።

ችግር፦ ትክክል ብላችሁም አይሰማችሁም

«ኢሰዮ» ላይ ስ ይጠብቃል፣ «ገና»ን ላልቶና ጠብቆ እንደምትለዩት። «ኧፕሰዮ» ላይም ስ ጠንካራ ናት፣ ፕ ደግሞ ከንፈር ገጥሞ ይቀራል እንጂ አይፈነዳም። ከነዚህ የተሠሩት ቃላትም አሉ፦ ይጣፍጣል «ማሺሰዮ» ነው፣ አይጣፍጥም ግን «ማሰፕሰዮ» ሳይሆን «ማደፕሰዮ» ተብሎ ይነበባል። ሃንጉሉ ላይ ስ ተጽፎ ታያላችሁ፣ አፋችሁ ግን ድ ይበል።