ያረጀ ሩም ቀምሶ ለመፍረድ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደብረ ማርቆስም ሆነ ባሕር ዳር፣ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ ከውስኪው ጎን አሁን አሁን ያረጀ ሩምም ብቅ ይላል፤ ከሸንኮራ አገዳ ወጥቶ በእንጨት በርሜል የቆየ አረቄ ማለት ነው። ጠርሙሱ ተከፍቶ ሁሉም ከቀመሰ በኋላ የሚነሣው ክርክር ግን ማለቂያ የለውም። አንዱ «እንዲህ ያለ መጠጥ አፌ ገብቶ አያውቅም» ይላል፤ ሌላው «ይሄማ የሳል ሽሮፕ ነው» ብሎ ፊቱን ያዞራል፤ ሦስተኛው የጥፍር ቀለም ይሸተኛል ባይ ነው። የሦስቱም ምላስ ጤነኛ ነው። አንዱ በዕድሜ፣ አንዱ በጣፋጭነት፣ አንዱ በለመደው አረቄ እየለካ እንዴት ይስማሙ? መለኪያውን የሚያዛቡት ስህተቶች እነዚህ ናቸው።

ጠርሙሱ ላይ ያለን ቁጥር ሁሉ ዕድሜ ማድረግ

የጓቲማላው ሮን ዛካፓ ላይ «23» ተጽፏል። ይህን ያየ ሰው ሃያ ሦስት ዓመት በርሜል ውስጥ የተኛ መጠጥ የያዘ ይመስለዋል። በእርግጥ ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ከ6 እስከ 23 ዓመት የቆዩ ሩሞች ድብልቅ ነው። «ሶሌራ» የሚሉት አሠራር አለ፤ ከአሮጌው በርሜል ጥቂት ይቀዳና በጎደለው ልክ ከሱ ያነሰ ዕድሜ ያለው ይሞላበታል። አሮጌው መቼም አያልቅም፣ አዲሱም ለብቻው አይቀዳም። አሠራሩ ነውር የለበትም፤ ቁጥሩ የሚነግረን ግን የድብልቁን ታላቅ ዕድሜ ነው። የጃማይካው አፕልተን እስቴት 12 ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ 12 የታናሹ ዕድሜ ስለሆነ ከዚያ በታች የቆየ ጠብታ አይገባበትም። ስለዚህ 12ቱን ከ23ቱ አሳንሶ ማየት አይቻልም።

ፊደሎቹም ያው ናቸው። «ኤክስ ኦ» (XO፣ «እጅግ ያረጀ» ለማለት) የተጻፈበት ሩም ከካሪቢያኗ ደሴት ከማርቲኒክ ከሆነ ቢያንስ 6 ዓመት ቆይቷል። ከወይን በሚወጣው የፈረንሳይ አረቄ በኮኛክ ላይ ሲጻፍ ከ2018 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ 10 ዓመት ይጠይቃል። ሌላ ቦታ ግን ብዙውን ጊዜ አምራቹ እንደፈቀደ የሚጽፈው ነው።

የቆየበትን ዘመን ከቆየበት አገር ነጥሎ ማየት

ሁለት አንድ ዓይነት በርሜሎች አሉን እንበል። አንዱን ደብረ ማርቆስ፣ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ እናስቀምጠው። ሌላውን ከደጀን ቁልቁለቱን ይዘን ወርደን ዓባይ በረሃ፣ ከድልድዩ አጠገብ እናኑረው። አምስት ዓመት ቆይተን ብንከፍታቸው የበረሃው ጎድሎና ጠቁሮ፣ እንጨት እንጨት ብሎ ይጠብቀናል፤ የማርቆሱ ገና ለጋ ነው። ሙቀት መጠጡን ወደ እንጨቱ ሆድ ያስገባዋል፣ ሲበርድ መልሶ ያስወጣዋል፤ ትነቱንም ያፋጥነዋል። ስኮትላንድ ውስጥ በየዓመቱ ከበርሜሉ የሚተነው 2 በመቶ ገደማ ሲሆን ካሪቢያን ላይ 6 በመቶና ከዚያም በላይ ይደርሳል።

ስለዚህ ጃማይካ ውስጥ 12 ዓመት የቆየና ገና ለጋ ሳለ በመርከብ ተጭኖ አውሮፓ መጋዘን ውስጥ 12 ዓመት የከረመ ሩም ዕድሜያቸው በወረቀት ላይ እኩል ነው እንጂ አፍ ውስጥ አይገናኙም። ዛካፓም ቢሆን የሚያረጀው ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ በሆነ ደጋ ላይ ነው፤ ከማርቆስ ከፍታ ብዙም አይለይም፤ ብርዱም እርጅናውን ያዘገየዋል። ደግሞ ረጅም ዘመን ሁሉ በጎ አይደለም። ቆላ ላይ ሃያ ዓመት ያለፈው ሩም አንዳንዴ እንጨቱ ይበረታበትና አፍ እያደረቀ ይመራል። ዋጋው ሰማይ ስለነካ ብቻ ምሬቱን «ጥልቀት» ብለው የሚያሞካሹ ሰዎች አጋጥመውኛል።

ልስላሴን የጥራት ምልክት ማድረግ

እዚህ ላይ የጎጃም ወገኔን እታዘበዋለሁ። ስኳር የገባበት ጠጅ ሲቀርብለት አንዴ ፉት ብሎ ብርሌውን ያስቀምጣል፤ የዚያን ጠጅ ቤት ደጃፍ ዳግም አይረግጥም። ያው ሰው ስኳር የተጨመረበት ሩም ሲቀምስ ግን «እንዴት ይለሰልሳል! ቢያረጅ ነው እንጂ!» ይላል።

ሩም ከሸንኮራ አገዳ ይሠራ እንጂ ሲወጣ ስኳር የለውም። አረቄ የሚያወጡ እናቶች ያውቁታል፤ በመቃው የሚያልፈው እንፋሎት ነው፣ ጣፋጩ ከማሰሮው ጋር ይቀራል። ከበርሜሉም የሚገባው ስኳር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። እንጨቱ የሚሰጠው የቫኒላና የተቃጠለ ስኳር ሽታ ነው፤ አፍንጫችን ያንን ስለሚያሸት ምላሳችን የጣፈጠው ይመስለዋል። ከዚያ አልፎ ከንፈር ላይ የሚጣበቅ ሩም ካጋጠመዎ፣ ከወጣ በኋላ የተጨመረበት ነገር አለ።

ይህ የተደበቀ ምስጢር አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት ከ2021 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሩም ተብሎ የሚሸጥ መጠጥ ላይ የሚጨመረውን ጣፋጭ በሊትር 20 ግራም ላይ ገድቦታል፤ ገደብ የሚወጣው የሚጨምር ስላለ ነው። ባርቤዶስ ያለው ፎርስኩዌር ደግሞ ስኳር ባለመጨመሩ ስም ያተረፈ የሩም አምራች ነው። መፈተኛው ቀላል ነው፤ ጥቂት ጠብታ መዳፍዎ ላይ አሽተው ሲደርቅ ይንኩት። መጠጥ ላይ እየተንሳፈፈ የአልኮል መጠን የሚለካ መሣሪያ ያለው ደግሞ ይንከርበት፤ 40 በመቶ የተባለው ሩም ከ40 በደንብ ዝቅ ብሎ ካሳየ፣ ያከበደው ብዙውን ጊዜ ስኳር ነው።

ጣፋጭ ሩም መውደድ ኃጢአት አይደለም። ከምግብ በኋላ ለሚጠጣ ሰው እኔም እመርጥለታለሁ። ጣፋጩን የዕድሜ ምስክር አድርጎ ማቅረብ ግን ሌላ ነገር ነው።

አንዱን ዓይነት በሌላው ሚዛን መመዘን

አብዛኛው ሩም ከሞላሰስ ይሠራል፤ እኛ ዘንድ የጣና በለስ ስኳር ፋብሪካ ስኳሩን አውጥቶ የሚተርፈው ያ ጥቁር ወፍራም ፈሳሽ ማለት ነው። የማርቲኒኩ ግን ከተጨመቀ ትኩስ የሸንኮራ ውሃ ነው፤ ከ1996 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮም በሕግ የተጠበቀ ስያሜ አለው። መንገድ ዳር ሸንኮራ ሲላጥ የሚሸተው እርጥብ ሣር ሽታ እርጅና ካለፈበትም በኋላ አይለቀውም። ይህን ያላወቀ «ጥሬ ነው» ብሎ ይጥለዋል።

የጃማይካው ደግሞ ድፍድፉ ረዘም ላለ ጊዜ እንዲፈላ ይደረጋል፤ ከዚያ የበሰበሰ ሙዝ፣ አናናስ፣ አንዳንዴም ያ የጥፍር ቀለም የሚባለው ሽታ ይመጣል። ተበላሽቶ አይደለም፤ ሆን ተብሎ የተፈለገ ነው። እኔ እንዳየሁት ዳግም አረቄ የለመዱ ሰዎች ከውስኪ ጠጪዎች ቀድመው ይወዱታል፤ ኃይለኛ ሽታ አያስደነግጣቸውም። የኩባውን ቀለል ያለ ሩም ከዚህ አጠገብ አስቀምጦ «ጣዕም የለውም» ማለት ግን ፍርደ ገምድልነት ነው።

በአረቄ መለኪያ ገልብጦ መጠጣት

በመለኪያ አንዴ የተገለበጠ ሩም ጉሮሮ እንጂ አፍንጫ አላገኘውም። ብርሌም አይመከርም፤ አንገቷ ጠባብ ስለሆነ አፍንጫ አይገባባትም። ሆዱ ሰፋ፣ አፉ ጠበብ ያለ የወይን ብርጭቆ ይበቃል። እጣን እየጨሰ፣ ቡና እየተቆላ፣ ጥሬ ሥጋ በሚጥሚጣ ከተበላ በኋላ የተሰጠ አስተያየትንም ቁም ነገር ብዬ አልሰማውም።

ውሃ ጠብ ማድረግ እኛ ዘንድ እንደ ማጭበርበር ይታያል። 60 በመቶ የሚጠጋ ሩም ግን ጥቂት ጠብታ ውሃ ካልገባበት አልኮሉ ሌላውን ሽታ ይሸፍነዋል፤ 40 በመቶ ከሆነው ጋር ማወዳደርም የሚቻለው ያኔ ነው።

ቀለሙንና ቡፌውን ማመን

ጥቁረት በካራሜል ይገዛል፤ በርሜል ውስጥ ቆይቶ በከሰል ተጣርቶ ነጭ ሆኖ የሚሸጥ ሩምም አለ። ቡፌ ላይ አሥር ዓመት የተቀመጠ ጠርሙስ ደግሞ አንድ ቀን እንኳ አላረጀም፤ እርጅና ከበርሜሉ ጋር ያበቃል። ከተከፈተና ግማሹ ከተጠጣ በኋላ ማቆየት እንዲያውም ሽታውን ያደክመዋል። ማሸጊያው የተነካ ጠርሙስ ካጋጠመዎ ግን ጭራሽ አይቅመሱት።

ባመጣው ሰው ፊት መፍረድ

ከሁሉ የሚከብደው ይሉኝታ ነው። ከሩቅ አገር ተሸክሞ ያመጣው ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ «አልወደድኩትም» የሚል የለም። ጋሼ ቀድመው «ግሩም ነው» ካሉማ የቀረነው ሁሉ ተከትለን እንሰግዳለን። መላው ጠርሙሶቹን በጋዜጣ ጠቅልሎ ቁጥር መስጠት፣ የሚቀዳውም የማይቀምስ ሰው እንዲሆን ማድረግ ነው። እያንዳንዱ ሳይነጋገር የመሰለውን ወረቀት ላይ ያስፍር። ሲነበብ ከታናሹ ይጀመር፣ ጋሼ መጨረሻ ላይ ይናገሩ። ከሦስተኛው ብርጭቆ በኋላ የመጣ አስተያየት አይመዝገብ።